ፀሐይ ላይ የተሰጣ ባትሪ

አልሐምዱሊላህ፣ ቤታችን አልተቃጠለም። ወሬውን ከጫፉ የጀመርኩት አንባቢ በከንቱ እንዳይጨነቅልኝ ብዬ ነው። ከሚሴ ውስጥ የሚጨነቅልኝ ሰው ሞልቶኛል፤ ያውም ጭንቀቱን ይዞ ግቢ ድረስ የሚመጣ።

ነገሩን ያመጣችው አንዲት ትንሽ ቦርድ ናት። ቦርድ ስል ሰዎች ተሰብስበው አበል የሚቀበሉበትን ማለቴ አይደለም። ይህችኛዋ ሥራ ትሠራለች። ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም አትበልጥም። በአንድ ጎኗ የስልክ ቻርጀር የሚሰካባት የዩኤስቢ አፍ አላት፤ በሌላው ጎኗ የባትሪ ሽቦ የሚታሰርባቸው ቀዳዳዎች። ባትሪው እየሞላ ሳለ ቀይ ትበራለች፤ ሞልቶ ሲያበቃ ሰማያዊ። ይኸው ነው። በሃያ ሁለት ዓመት ትዳሬ ውስጥ ሲጠግብ ሰማያዊ የሚበራ እንግዳ አንድ ቀን አላጋጠመኝም።

አማቴ እማማ ሩቂያ ይባላሉ። አብረውን ይኖራሉ፤ በእሳቸው አባባል ደግሞ እኛ ነን አብረናቸው የምንኖር። ልጃቸው፣ ማለትም ባለቤቴ፣ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ከእናቱም ከሚስቱም ይልቅ የጅቡቲን መንገድ ያውቃል። ስለዚህ ቤቱ የእኔና የአማቴ ነው። ሦስተኛዋ ሬዲዮዋ ናት።

ሬዲዮዋ ሦስት ድንጋይ ትበላ ነበር። ድንጋይ የምንለው ያንን ከሱቅ የሚገዛውን ደረቅ ባትሪ ነው። አዲስ ድንጋይ መግዛት ለአማቴ ሽንፈት ነው። ድንጋይ ሲደክም ይወጣል፤ በጥርስ ይነከሳል፤ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ሲመሽ ወደ ቤቱ ይመለሳል። የጨፋ ሜዳ ገበሬ ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው። አባቴም እንዲሁ ሲያደርግ እያየሁ ነው ያደግሁት። እኛ ግቢ ቆርቆሮው ላይ በአንድ ወገን በርበሬ፣ በሌላው ወገን ድንጋይ ይሰጣል። አማቴ የቀሯቸው ጥርሶች ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም ለዚሁ ሥራ የተቀመጡ ይመስለኛል። የተነከሰ ድንጋይ ደግሞ በእርግጥ ይናገራል። ለምን እንደሆነ አላውቅም። እኔም ብነከስ እናገራለሁ።

አማቴ ከሬዲዮዋ የሚፈልጉት ዋናው ነገር በዓመት አንዴ ነው የሚመጣው። ረመዳን ሃያ ዘጠኝ ሲሆን፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ፣ የዒድ ጨረቃ ታየች ወይስ አልታየችም የሚለው ነገር ይነገራል። ታየች ከተባለ ነገ ዒድ ነው፤ መጾም ሐራም ነው። አልታየችም ከተባለ ነገ ጾም ነው፤ መብላት ሐራም ነው። ግማሽ ጾም የሚባል ነገር የለም።

ባለፈው ዓመት ታዲያ በዚያች ምሽት ሬዲዮዋ ዝም ስላለች፣ ወሬውን ከጎረቤታችን ከአያ ሰይድ ሰማሁ። አያ ሰይድ ወሬ የሚያውቀው ከመሆኑ በፊት ነው። "ታይታለች" አለኝ። እኔም ገብቼ ለአማቴ "ታይታለች" አልኳቸው። በማግስቱ ጠዋት አማቴ አዲስ ልብሳቸውን ለበሱ፤ ገንፎ በቅቤ በሉ። ረፋድ ላይ ጨረቃዋ እንዳልታየች፣ ሰዉ ሁሉ ጾም ላይ እንደሆነ ታወቀ።

አማቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ዋሉ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ሲመሽ ብቻ እንዲህ አሉ፦ "ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ረመዳንን በሰው ወሬ አፍርሼ አላውቅም። ከእንግዲህ በጆሮዬ ካልሰማሁ ጾሜን አልፈታም።"

"እናቴ፣ ዒድ ሆኖ ቢጾሙስ? ኃጢአት ነው እኮ" አልኳቸው።

"ኃጢአቱ ላንቺ ነው" አሉኝ።

ይኸው ዓመቱን ሙሉ ስሸከመው የኖርኩት ሸክም ይህ ነው። ያንን ቀን በኋላ ጾመው ቀዷ አውጥተዋል፤ ለእኔ ግን ቀዷ የሚያወጣልኝ አልነበረም።

ረመዳን ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ልጄ ዘይነብ ከኮምቦልቻ መጣች። እዚያ ቴክኒክ ኮሌጅ ኤሌክትሮኒክስ ትማራለች። የአያቷን ድንጋዮች አይታ አለቀሰች ልበል ሳቀች፤ ብቻ እንባዋ ወርዷል። ከሞተ ስልክ ውስጥ አንድ ጠፍጣፋ የሊቲየም ባትሪ አወጣች። ያቺን ቦርድ ከቦርሳዋ አመጣች። ለሦስቱ ድንጋዮች የተሠራውን ማደሪያ ከሬዲዮዋ ነቅላ ጣለች። ባትሪውንና ቦርዱን በሁለት ሽቦ አያያዘቻቸው። ሽቦዎቹ ሁለቱም ቢጫ ናቸው። ሌላ ቀለም አልነበራትም። ይህን አስታውሱልኝ።

"አያቴ፣ ከእንግዲህ ድንጋይ የለም" አለች። "ቻርጀሩን ይሰኩታል። ቀይ ሲበራ እየጠጣ ነው፤ ሰማያዊ ሲሆን ጠግቧል።"

"ማን ነው የሚጠጣው?"

"ባትሪው።"

"ከምን?"

"ከመብራቱ።"

አማቴ በጨፋ ሜዳ፣ በላምና በጥጃ መካከል ነው ያደጉት። ትንሽ አሰቡና "ጥጃ ናታ!" አሉ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ባትሪው ጥጃ ሆነ፤ የመብራት ገመዱ ላም።

ዘይነብ ልትሄድ ስትል በር ላይ ያዘችኝ። "እማ፣ ሦስት ነገር። አንደኛ፣ ድምፁ ሲደክም አጥፉት። ይቺ ቦርድ ጠባቂ የሌላት ዓይነት ናት፤ ባትሪው ተሟጦ እስኪሞት ዝም ብላ ነው የምታየው። ሁለተኛ፣ ሽቦው ከተነቀለ ገልብጣችሁ እንዳታስሩት። ሦስተኛ፣ ባትሪው ሙቀት አይወድም።"

"እሺ" አልኳት። እሺ ማለት ሰማሁ ማለት ነው፤ አደርጋለሁ ማለት ሌላ ቃል ነው።

እንዲያም ሆኖ የረመዳን ሃያ አምስት ቀን በሰላም ሄደ። ከዙሁር ሶላት በኋላ አማቴ ይጠይቁኛል፦

"ጥጃዋ ጠባች?"

"እየጠባች ነው።"

"ተያት፣ ትጥገብ። ላሚቱ ግን እንዳትነጥፍ።"

በሃያ ስድስተኛው ቀን ላሚቱ ነጠፈች። መብራት ጠፋ። ለምን እንደጠፋ ማንም አልነገረንም፤ ለምን እንደሚበራም ነግሮን የሚያውቅ የለም። በሃያ ስምንተኛው ቀን የሬዲዮዋ ድምፅ ቀጠነ። አጥፉት የተባለው ያኔ ነበር። አማቴ ግን ለሚሞት ሰው ጀርባ አይሰጥም ብለው ጆሯቸውን ለጥፈው እስከ መጨረሻዋ ትንፋሽ አስታመሟት።

በሃያ ዘጠነኛው ቀን ጠዋት ለማፍጠሪያ ተምር ልገዛ ገበያ ወጣሁ። ስመለስ አማቴ ግቢ ውስጥ ጥላ ላይ ተቀምጠው የሙስበሃቸውን ዶቃ ይቆጥራሉ። የሬዲዮዋ ጀርባ ተከፍቷል። ሁለቱ ቢጫ ሽቦዎች እንደተነቀለ ጅማት ተንጠልጥለዋል። ቆርቆሮው ላይ፣ በርበሬው መሐል፣ በከሚሴ የቀትር ፀሐይ፣ የልጄ ጠፍጣፋ ባትሪ ተሰጥቷል። ጠፍጣፋነቱ ግን ቀርቷል። ካፈጠረ በኋላ እንደሚታይ የጾመኛ ሆድ ተነፍቷል።

"እናቴ! ምንድን ነው ያደረጉት?"

"ድንጋዩን ሰጣሁታ! ደክሞ ነበር። እይው እስቲ፣ ፀሐዩ እንዴት እንዳፋፋው!"

ወደ ባትሪው ቀረብ ብዬ የጥርስ ምልክት ፈለግሁ። "ነከሱት እንዴ?"

"ያ ኢንተላ!" አሉ። ልጅት ማለታቸው ነው፤ ሲቆጡኝ በኦሮምኛ ነው የሚቆጡኝ። "ጾመኛ አይደለሁም እንዴ? የውስጡ ቅመም ጉሮሮዬ ቢገባ ጾሜን ላፈርስ ነው? ካፈጠርኩ በኋላ እነክሰዋለሁ።"

ለዘይነብ ደወልኩ። ስልኬም ሊሞት ምንም አልቀረውም።

"ፀሐይ ላይ?" ብላ ጮኸች። "አበጠ? እማ፣ አያቴ ነክሰውታል?"

"አልነከሱትም። ጾመኛ ናቸው።"

በቀስታ "አልሐምዱሊላህ" አለች። "ቢነክሱት አፋቸው ውስጥ እሳት ነበር የሚነሣው። አሁኑኑ ከቤት አርቁት። ውሃ አታፍሱበት፣ አትውጉት፣ አሸዋ ላይ አድርጋችሁት..." ስልኬም አብሮ ሞተ።

ጾም ከክፉ እንደሚጠብቅ ሁልጊዜ አውቃለሁ። ከሊቲየምም እንደሚጠብቅ የዚያን ቀን ተማርኩ።

ቤቱ ሲሠራ የተረፈ የአሸዋ ቁልል ነበረን። ባትሪውን በአካፋ አነሳሁት። እርምጃዬን እየቆጠርኩ፣ ትንፋሼን ይዤ ሄድኩ። አማቴ ቁርአን እየቀሩ ከኋላዬ ተከተሉኝ። አሸዋው ላይ አስቀመጥኩት፤ ዙሪያውን አሸዋ አለበስኩት። በአጥራችን በኩል የምታልፈው ጎረቤታችን ዘምዘም ይህን አየች፦ አንዲት ሴት አካፋ ይዛ፣ አንዲት አሮጊት ቁርአን እየቀራች፣ በመካከላቸው ትንሽ የአፈር ቁልል።

"ኢና ሊላሂ!" አለች። "ማን ነው የሞተው?"

"የሬዲዮ ባትሪ ነው" አልኳት።

"ሬዲዮዋ ሞተች?"

"ባትሪው ነው።"

"አላህ ይተካ" ብላ ሄደች። ዘምዘም ወሬ ስታደርስ ቃል አትጨምርም፤ ትቀንሳለች እንጂ። ሬዲዮውንም ባትሪውንም ቀንሳ "እነ እማማ ሩቂያ ግቢ እየቀበሩ ነው" የሚለውን ብቻ አደረሰች። ዙሁር ተሰግዶ ሳያበቃ ግቢው ሰው ሞላ። አንዷ ነጠላዋን ተከናንባ ገና ከበር ማልቀስ ጀመረች። የሞተው ባትሪ መሆኑ ሲነገራት፣ የመጣ እንባ አይመለስም ብላ መሰል፣ ትንሽ አልቅሳ ጨረሰች።

ለቅሶው ሲቀር ምክሩ መጣ። አንዱ ጨው ነስንሱበት አለ። ሌላው ወተት አለ። ሰው በሚያውቀው ነገር ይከራከራል፤ በማያውቀው ግን ሁሉም መሐንዲስ ነው። አያ ሰይድ ከሁሉ ቀድሞ ደርሶ ከሁሉ ቀርቦ ቆሟል።

"እማማ ሩቂያ፣ ሬዲዮ ከሆነ የቸገረዎት የእኔ አለ" አለ። "ድንጋዩ አዲስ ነው። ዛሬ ማታ ይዤ እመጣለሁ።"

"አልፈልግም።"

"ለምን?"

"ያንተ ሬዲዮ እንዳንተ ነው።"

"ምን ማለት ነው?"

"ቶሎ ይናገራል።"

ዘምዘም ደግሞ የስልኳን ሬዲዮ አቀረበች። በጆሮ በሚሰካ ገመድ የሚሰማ ነው። አማቴ ገመዱን በሁለት ጣት አንሥተው አዩት። "ጆሮ ውስጥ ሹክ የሚል ሸይጣን ነው። ምስክር ፊት ለፊት ይናገራል" ብለው መለሱላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። "ሬዲዮዬን አምጪልኝ። ካልሆነ ግን ነገ ምንም ቀን ይሁን፣ እኔ ጾመኛ ነኝ።"

ሬዲዮዋን በነጠላዬ ጠቅልዬ ወደ ሁሴን ሱቅ ሮጥኩ። ሁሴን ስልክና ሬዲዮ ይጠግናል። ዒድ ሲደርስ የከሚሴ ስልክ ሁሉ አንድ ላይ ይታመማል፤ ሱቁ በሰው ታጭቋል። በር ላይ ትንሽ ጄኔሬተር ያንኮራፋል። ሁሴን ነገሬን ሰምቶ አንድ ደህና ባትሪና አንዲት ቦርድ ጠረጴዛው ላይ አኖረልኝ።

"ይቺኛዋ ጠባቂ ያላት ናት፣ እትዬ። ባትሪው ሲዳከም ራሷ ትቆርጠዋለች። አንዴ የአስርን ሶላት ሰግጄ ልምጣ፤ ምንም አትንኪ።"

ምንም አትንኪ ባይለኝ ኖሮ ምናልባት አልነካም ነበር። ግን ጊዜው እየሄደ ነው፤ የመበየጃው ብረት ግሏል፤ ልጄም ስትሠራ አይቻለሁ። ማየት ግማሽ ሙያ ነው ይባላል። ቤት የሚያቃጥለው ይኸው ግማሹ ነው። ቢስሚላህ ብዬ ጀመርኩ። ቢስሚላሁ ልክ ነበር፤ የተሳሳተው ሽቦው ነው። ሁለቱ ቢጫዎች ከፊቴ ናቸው። አንዱን እዚህ፣ ሌላውን እዚያ አጣበቅሁ። ቦርዷ አንዲት ቀጭን ጭስ ወደ ላይ ለቀቀች፤ እንደ መንገደኛ ስንብት። ከዚያ የተቃጠለ ቀንድ የሚመስል ሽታ መጣ። ባትሪውን ቶሎ አላቀቅሁት፤ እሱን እንኳ አላህ አተረፈልኝ።

ሁሴን ሲመለስ በር ላይ ቆሞ አሸተተ።

"እትዬ፣ ነካሽ?"

"ትንሽ።"

"ፕላሱን ማይነስ ላይ አስረሽዋል።"

"ሁለቱም ቢጫ ናቸው እኮ!"

"መንታ ልጆችም ይመሳሰላሉ" አለ። "እናታቸው ግን ትለያለች።"

ከተሰለፉት አንድም የሳቀ የለም። ከአስር በኋላ ጾመኛ ሳቁን ይቆጥባል። ሁሴን መሳቢያውን ፈተሸ። ጠባቂ ያላት አንዲት ቦርድ ቀርታዋለች። እኔን ከጠረጴዛው ራቅ አድርጎ አስቀምጦ፣ የተሰለፉትን ሁሉ ካስተናገደ በኋላ ራሱ በየዳት፤ ሽቦዎቹንም አንዱን በጥቁር ቀለም ቀባልኝ። ከዚያ ከጄኔሬተሩ ጋር አገናኛት። ቀይ በራች።

ቁጭ ብዬ ቀይዋን ማየት ጀመርኩ። ሰው ጨረቃ ይጠብቃል፤ እኔ ሰማያዊ እጠብቃለሁ።

"ስንት ሰዓት ይፈጅባታል?" አልኩት።

"ሁለት ሰዓት ብትሰጫት ደስ ይላታል።"

"መግሪብ እኮ አንድ ሰዓት አልቀረውም!"

"ታዲያ ለእሷ ንገሪያት።"

ሱረቱ ያሲንን በቃሌ ከዳር እስከ ዳር ቀራሁ። ቀይ። ደገምኩ። ቀይ። ለሦስተኛ ጊዜ ስጀምር ጄኔሬተሩ ሁለት ጊዜ ሳል ብሎ ቤንዚን ጨረሰ። ጥጃዋ በግማሽ ጡት ቀረች። ሬዲዮዋን አቅፌ ባጃጅ ላይ ዘለልኩ። አቅፌ ስል፣ ክንዴን ወደ ውጭ ዘርግቼ፣ ፊቴን ወደ ኋላ አዙሬ ነው። ባትሪ ማመን ትቻለሁ።

ሹፌሩ በመስታወት አየኝና "ምን ይዘሽ ነው?" አለኝ።

"ጥጃ" አልኩት። ሌላ ነገር ሳይጠይቅ አደረሰኝ።

መግሪብ ደረሰ። በተምርና በውሃ አፈጠርን፤ ሰገድን። ቀን ለቅሶ የመጡት ሁሉ ተመልሰው መጡ። መብራት ስለሌለ የሰፈሩ ቴሌቪዥን ሁሉ ጨልሟል። አማቴ ሬዲዮዋን ጭናቸው ላይ አድርገው ጆሮዋን ጠመዘዙ። ተናገረች! የሳሙና ማስታወቂያ ነበር። ለሳሙና እንደዚያን ቀን አመስግኜ አላውቅም።

በዚህ መሐል አያ ሰይድ ስልኩን ከፍ አድርጎ ገባ። "ታይታለች! ባቲ ላይ ታይታለች! ዘመዴ ነው የደወለልኝ!" ዘምዘም እልል ልትል አፏን ከፈተች።

"ዝም!" አሉ አማቴ። የዘምዘም እልልታ ተመልሶ ገባ።

ከሳሙናው በኋላ የዘይት ማስታወቂያ መጣ። ድምፁ ቀጠነ። ያ ረቢ፣ ቶሎ ይናገሩ። ከዘይቱ በኋላ የመንግሥት ሥራ ሐላፊ ስለ ችግኝ ተናገረ፤ ችግኙ አያልቅም። ጥጃዋ የጠባችው ግን እያለቀ ነው። ድምፁ ሹክሹክታ ሆነ። አማቴ ሬዲዮዋን አንሥተው ጆሯቸው ላይ ለጠፉ። እኛ ከዚያ በኋላ ምንም አልሰማንም። ፊታቸውን ብቻ እናያለን። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ዓይናቸው ተከደነ፣ ተከፈተ። ከዚያ ጠባቂ ያላት ቦርድ ሥራዋን ሠራች፤ ቆረጠችው።

አማቴ ሬዲዮዋን ወደ ጭናቸው መለሱ። "አልታየችም" አሉ። "ነገ ሰላሳ ነው።"

ሰዉ ሁሉ ወደ አያ ሰይድ ዞረ።

"እርግጠኛ ነዎት?" አለ አያ ሰይድ። "እኛ እኮ አልሰማንም።"

"እኔ ሰምቻለሁ።"

"ዘመዴ ግን..."

"እኔ ሰማሁ አልኩህ አይደል? ሰው ሰማሁ ሲል አይታመንም እንዴ?"

እኔ ወደ መሬት አየሁ። ሳቄን ነበር የምቆጥበው፤ ጾም ግን ተፈትቷል። ቀና ስል አማቴ እኔን ያያሉ። የተናገሩት ነገር ወደ ጆሯቸው ሲመለስ አየሁት። ረጅም መንገድ የመጣ ይመስል ቆይቶ ነው የደረሰ።

"ያ ኢንተላ" አሉ በቀስታ። "አንቺም አምና እንዲህ ሰምተሽ ነበር የነገርሽኝ።"

"አዎ፣ እናቴ።"

"አፉ ብዬሻለሁ።"

በዚህ ይቅርታ አንድ ዓመት የተሸከምኩት ነገር ወረደ። ያነሳልኝ ጥፍር የምታህል ቦርድ ናት፤ ጥጃዋ ሙሉ ብትጠባ ኖሮ ሁላችንም ሰምተን ይህ ቃል ባልመጣ። በግማሽ ያስቀረልኝ አላህ ምስጋና ይግባው።

ጥቂት ቆይቶ የአያ ሰይድ ስልክ ጮኸ። ዘመዱ ነበር። ባቲ ላይ የታየው የግመል ነጋዴ ባትሪ መብራት ኖሯል።

በማግስቱ፣ በሰላሳኛው ቀን፣ ባትሪው እንደገና በሁሴን ጄኔሬተር ጠብቶ ሰማያዊ በራ። ሲመሽ ሬዲዮዋን ለአማቴ አቀረብኩላቸው። "ምን ያደርግልኛል?" አሉ። "ሰላሳ ሞልቷል። ወር ከሰላሳ አያልፍም። ጨረቃዋ ብትፈልግ ትተኛ።" ዓመቱን ሙሉ የተጠበቀው ጥያቄ መልሱ ጣት ላይ የሚቆጠር ነበር።

በዒድ ጠዋት መብራት መጣ፤ ማንም ሳይነግረን። ከሶላት ተመልሰን፣ እንኳን አደረሳችሁ ተባብለን፣ እኔ ጓዳ ገብቼ ሳለሁ የአማቴ ድምፅ ከግቢ ተሰማ።

"ጥጃዋ ሌሊቱን ሙሉ ስታወራኝ አድራ፣ ዛሬ ድምፅዋ ሰለል ብሏል!"

"እሰካታለሁ፣ እናቴ! ላሚቱ መጥታለች!"

"ተይ፣ ላሚቱን በዒድ ቀን አታድክሚያት። እኔው አበረታታታለሁ።"

በመስኮት አየሁ። ቆርቆሮው ላይ የከሚሴ ፀሐይ ወጥቷል። የሬዲዮዋ ጀርባ ተከፍቷል። ባትሪው በአማቴ ጣቶች መካከል ነው፤ ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርገው የሚነከስበትን ጎን ይመርጣሉ። ይህን ያህል ጊዜ ከዚህ ባትሪ የጠበቃቸው ምን እንደነበር ያኔ ትዝ አለኝ። ጾሙ አልቋል።

ጫማ ሳላደርግ ሮጥኩ። አልሐምዱሊላህ፣ ከሦስቱ ጥርሶች ቀድሜ ደረስኩ።